የካሴቱ ጀርባ

ልጅ ሳለሁ ጦርነት የሚያሞቅ ነገር ይመስለኝ ነበር።

የማውቀው ጦርነት አንድ ብቻ ስለነበረ ነው፤ እሱም አያቴ ትከሻቸው ላይ የሚደርቡት ግራጫ የሱፍ ብርድ ልብስ ነበር። የመካነ ሰላም ብርድ አይጣል ነው። ነፋሱ ሜዳውን አቋርጦ ሲመጣ የሚያቆመው ነገር ስለማያገኝ እኛ ቤት የሚደርሰው ሳይደክም ነበር። ያኔ፣ መግሪብ ተሰግዶ እናቴ ኩበቱን ስታያይዝ፣ ጭሱ ዓይናችንን አስለቅሶ ሲያበቃና ፍሙ መሀል ላይ ሲሰበሰብ፣ የኩራዙ ብርሃን ጭቃው ግድግዳ ላይ ጥላችንን ከፍ ዝቅ ሲያደርገው፣ አብዬ ከሳጥናቸው ብርድ ልብሱን ያወጡና ሁለት ጊዜ አራግፈው ይደርቡታል። ተረት ሊጀመር ነው ማለት ነው። እኔ ከአንዱ ጫፍ ሥር እገባለሁ። የናፍታሊንና የአሮጌ ሱፍ ሽታ ነበረው። ዛሬም ያ ሽታ ሲመጣብኝ መጀመሪያ ይሞቀኛል፤ ቀጥሎ ያስጠላኛል።

አብዬ የምንላቸው የእናቴን አባት ነው። አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ ቤቱን የያዙት እሳቸው ነበሩ። ቤቱ ውስጥ እማ፣ ከእኔ በአሥር ዓመት የምትበልጠው እህቴ ጦይባ፣ እኔ፣ እሳቸውና ኮርያ ነበርን።

*

ሌሎች ልጆች ስለ ጅብና ስለ ጦጣ ሲሰሙ እኛ የምንሰማው ስለ ኮርያ ነበር።

አብዬ በወጣትነታቸው ወታደር ሳሉ፣ ጃንሆይ ከላኳቸው ሰዎች ጋር በመርከብ ተጭነው፣ ስሟን እንኳ ሰምተው ወደማያውቁት ሀገር ሄደው ተዋግተዋል። የሄዱት ከአሜሪካ ጦር ጎን ሊሰለፉ ነው። እሳቸው ግን አሜሪካ አይሉም፤ «ትልቆቹ» ነው የሚሉት።

«ያኔ» ይላሉ።

«እህ» እንላለን። እህ ያልተባለለት ተረት እኛ ቤት አይቀጥልም።

«ያኔ በረዶው እስከ ጉልበታችን ነው። ትልቆቹ ጫማ ሰጡን፤ ውስጡ የበግ ጠጉር።»

«እህ።»

«ካፖርት ሰጡን። ይቺን ብርድ ልብስ ሰጡን። ሥጋ በቆርቆሮ ሰጡን። የምን ሥጋ ነው ብዬ አልጠየቅሁም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ቢስሚላህ አልሁ። ከተራራው ማዶ ያሉት ሰዎች ሊመጡብን ሲሉ የትልቆቹ አለቃ ይቺን የምታክል ስልክ ያነሳል።»

«እህ።»

«ሰማዩን ይጠራዋል። ሰማዩም ይመጣል።»

እዚህ ላይ ይስቃሉ። ሳቃቸው ከሆዳቸው የሚነሳ፣ በሳል የሚያልቅ ሳቅ ነበር። ከዚያ ይነሱና ብርድ ልብሱን እንደ ጎፈር ወደ ኋላ ጥለው ይፎክራሉ፤ ጥላቸው ጣሪያው ላይ ይታጠፋል። ሲቀመጡም ሁልጊዜ በአንድ ቃል ይዘጉታል። «ከትልቆቹ ኋላ የቆመ አይሞትም።»

ከተራራው ማዶ ያሉት ሰዎች ስም አልነበራቸውም። መልክም አልነበራቸውም። ሰማዩ ሲመጣባቸው ምን እንዳሉ አብዬ ተናግረው አያውቁም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም። ጦይባ ትጠይቅ የነበረው ሌላ ነገር ነው። አንድ ቃል ሲዘሉ ታርማቸዋለች፤ «አብዬ፣ ባለፈው ካፖርቱ ከጫማው በፊት ነበር» ትላለች። ተረቱን ሁሉ በቃሏ ይዛው ነበር፤ ሳቃቸውን ጭምር።

*

የሚጠይቀው ጋሽ ታደሰ ነበር።

ጋሽ ታደሰ ጎረቤታችን ነው። በደርግ ጊዜ ሰሜን ሲዋጋ ኖሮ ግራ እጁ ላይ ሁለት ጣት ይዞ የተመለሰ፤ መንግሥቱ ወድቆ ሠራዊቱ ሲበተን እሱም ተበትኖ ገበያው ዳር ጫማ የሚሰፋ ሰው። ማታ ማታ «ፍም ልወስድ ነው» ብሎ ይመጣና ሳይወስድ ያመሻል። አብዬ ሌላ የሚከራከራቸው ሰው ስላልነበራቸው ይሆን፣ ስለሚጠሉት ይሆን፣ አንድ ምሽት ሲቀር ያስጠሩታል።

«አያ ይመር» ይላል አብዬን፣ «ለመሆኑ ኮርያዎቹ ምን አድርገዎት ነው?»

«ምንም።»

«እናስ?»

«ሀገር ናት የላከችኝ።»

«ሀገር እግር የላትም። የሄደው ያንቱ እግር ነው። ባልተጠሩበት ሠርግ ሄደው ሙሽራውን ደብድበው መጡ።»

«አንተ ዝም በል። የናንተው ጦርነት ወንድም ከወንድም ነው። ለመሆኑ ብርድ ልብስ ማን ሰጠህ?»

ጋሽ ታደሰ ሁለቱን ጣቶች ወደ ፍሙ ዘርግቶ ያገላብጣቸዋል። «እኔንማ ጓንት እንዲቀልለኝ አደረጉኝ።»

እማ በነጠላዋ አፏን ይዛ ትስቃለች። ያኔ ከድንበሩ ጦርነት ያልተመለሱ ልጆች ለቅሶ ከሰፈራችን ገና አልወጣም ነበር፤ ሦስተኛው ቤት ያለችው እናት ዳቦ ስትቆርስ ለሌለው ልጇ ድርሻ ታስቀምጥ ነበር። እኛ ግን ጦርነት ስንል የምንስቅበትን ነበር የምንለው። ሩቅ ስለሆነ። የሌላ ሰው ስለሆነ። ይህን ዛሬ ሳስበው በአብዬ ብቻ አልናደድም።

*

ጦይባ ኩዌት ሄደች። ከሰፈራችን የማይሄድ አልነበረም፤ ሴት ልጅ አሥረኛ ክፍልን ስትጨርስ ወይ ባል ወይ አውሮፕላን ይጠብቃታል። መጀመሪያ ባገኘችው ደመወዝ ቴፕ ራዲዮ ላከችልን፤ ከቴፑ ጋርም አንድ ካሴት መጣ።

ካሴቱ አንድ ነበር፤ የሚመላለሰውም እሱው ነበር። እሷ ሞልታ ትልካለች፤ እኛ ሰምተን፣ ደግመን፣ ሠልሰን ሰምተን፣ በላዩ ላይ ቀድተን እንመልሳለን። እማ ይህን ከሰው ሳህን ነው የተማረችው፤ ጎረቤት ቂጣ የላከበትን ሳህን ባዶውን መመለስ ነውር ነው። አዲስ ካሴት ገበያ ጠፍቶ አይደለም። ባዶ የሚሄድ ነገር ስለሚያስፈራት ነው።

የካሴቱ ፊት የሰላምታ ነበር። እኛ ሀገር ሰው ጉዳዩን ከመናገሩ በፊት ሰላም ሊል ይገባዋል፤ ሰላም ሲል ደግሞ ማንንም ሊዘል አይገባውም። ጦይባ ካሴቱ ላይ ሰፈሩን በር በበር ታንኳኳለች። እገሌ እንዴት ነህ፣ ላሚቱ ወለደች ወይ፣ የወገብሽ ሕመም እንዴት ነው፣ ጋሽ ታደሰ ወስፌህ ሰላም ነው ወይ። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ይሰማል፤ ስሙ የተጠራለት «አላህ ይመስገን» ብሎ ይመልስላታል፣ ቴፑ የሚሰማው ይመስል። የመጨረሻው ጎረቤት ሰላም ሲባል ፊቱ ያልቃል። ጉዳይ የሚነገርበት ቦታ አይተርፍም።

ጀርባው የአብዬ ነበር። ከመጀመሪያው ጀምሮ። ጦይባ ተረቱ ናፈቀኝ ስላለች ኮርያን ይቀዱላታል። ካሴቱ ሲመለስ ጀርባው ላይ ያለው የራሳቸው ድምፅ ስለሆነ ከእሳቸው በቀር ማንም አይሰማውም። እሳቸው ግን ይሰሙታል። ቀን ላይ፣ ሰው ሳይኖር፣ ጆሯቸውን ቴፑ ላይ ለጥፈው፣ በራሳቸው ሳቅ እየሳቁ። ጦይባ ይህን ታውቅ ነበር።

*

አንድ ዓመት፣ ጥር ላይ ሬዲዮው ስለ ጦርነት ማውራት ጀመረ። ትልቆቹ ኢራቅን ሊወጉ ነው፤ ወታደሮቻቸው ኩዌት በረሃ ላይ ድንኳን ተክለው ቀን ይጠብቃሉ።

«ኩዌት ማለት የኔ ልጅ ያለችበት ኩዌት ነው?» አለች እማ።

«እሱው ነው፤ አብሽሪ» አሉ አብዬ። «ከፊቷ ቆሙላት ማለት ነው።»

«አያ ይመር» አለ ጋሽ ታደሰ፣ «ጥይቱ ከኩዌት ከተነሳ፣ መልሱ ወዴት የሚመጣ ይመስልዎታል?»

«ማን ይመልሳል? ሰማይ ያለው ማን ነው?»

አብዬ በአንድ ሳምንት ውስጥ አሥር ዓመት ወጣት ሆኑ። ጢማቸውን አስተካከሉ፤ ሜዳልያቸውን በአመድ ወልውለው ኮታቸው ላይ ሰኩት። ገበያ ወጥተው በከዘራቸው መሬት ላይ ካርታ ይሥላሉ፤ እዚህ ትልቆቹ፣ እዚህ በረሃው፣ እዚህ ደግሞ ልጃችን። እህል ሊሸጥ የመጣ ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል። እኔም እጃቸውን ይዤ ቆሜ እኮራ ነበር። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ የትልቁ ሀገር ጦርነት የቤተሰቤ ጉዳይ ሆኗል።

ካሴቱ የመጣው ያኔ ነው። ያመጣችው ሉባባ ናት፣ የሰፈራችን ልጅ፤ የምትሠራው የጦይባ እመቤት እህት ቤት ነው። ለእረፍት መጥታ በሳምንቱ ልትመለስ ነበር። ጎረቤቱ ተሰበሰበ። ጦይባ በር በበር አንኳኳች፤ ያን ቀን ግን ትንሽ ትቸኩል ነበር፤ የላሚቱን ነገር ሳትጠይቅ አለፈች። ፊቱ ሊያልቅ ሲል እየሳቀች እንዲህ አለች፦

«አብዬ፣ የጀርባውን ተረት ደግመው ይስሙት እሺ? እኔ ሰምቼው አልጠገብሁም።»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። አብዬ ብርድ ልብሱን አስተካከሉ። በሕይወታቸው እንዲህ ያለ ምስጋና የሰሙ አይመስለኝም።

አልሰሙትም ግን። ያን ሳምንት የድሮውን የሚሰሙበት ጊዜ አልነበራቸውም፤ አዲስ ጦርነት ይዘዋል።

*

ሉባባ ከመሄዷ በፊት ባለው ምሽት ቀዳን። ባትሪዎቹ ደክመው ስለነበር ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አስጥቻቸው ነበር። ቴፑን መያዝ የእኔ ሥራ ነው። እማ ፊቱን በሰላምታ ሞላች፤ ጦይባ እንዳታስብ ብላ የጉልበቷን ሕመም ደበቀች። ከዚያ ገለበጥሁት፤ ወደ መጀመሪያው መለስሁት፤ መጀመሪያው መሆኑን ለማወቅም ለትንሽ ጊዜ ከፈትሁት።

«ያኔ» የሚል የአብዬ ድምፅ ሊመጣ ይገባ ነበር። አልመጣም። ሹክሹክታ የመሰለ ነገር ነበር፣ ነፋስ ይሁን ትንፋሽ ያልለየ።

«አብዬ፣ ያንቱ ድምፅ ጠፍቷል።»

«ባትሪው ነው። ቅጂው።»

ቀዩን ቁልፍ ተጫንሁ።

ያን ምሽት የተናገሩት ከተናገሩት ሁሉ ይበልጣል። በረዶው ከጉልበት ወገብ ደረሰ። ሰማዩ ሦስት ጊዜ መጣ። እማ ሳቀች፤ እኔ ሳቅሁ፤ ጋሽ ታደሰ እንኳ እየተቀዳ ስለሆነ ምላሱን ያዘ። ሲፎክሩ የጣሪያው ቆርቆሮ አብሯቸው ነጎደ። ሲጨርሱ ወደ ቴፑ ጎንበስ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«አብሽሪ ልጄ። ሰው ቢሸሽ አንቺ ከቦታሽ እንዳትነቃነቂ። ከትልቆቹ ኋላ የቆመ አይሞትም» አሉ።

ቁልፉ ጠቅ ብሎ ተነሳ። ሉባባ በማግስቱ በደሴው አውቶቡስ ሄደች።

*

መጋቢት ላይ ሰማዩ መጣ።

ሬዲዮው በየምሽቱ ስለምትቃጠል አንዲት የኢራቅ ከተማ ያወራ ነበር። አብዬ ከፍሙ ይልቅ ወደ ሬዲዮው ተጠግተው ይቀመጣሉ፤ ትልልቅ ቦምብ በተባለ ቁጥር ጉልበታቸውን መታ ያደርጋሉ። አንድ ምሽት እኔም አጨበጨብሁ። ለምን እንዳጨበጨብሁ ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። ያቺ ከተማ ውስጥ ኩራዝ ሥር ተረት የምትሰማ ልጅ እንደምትኖር አላወቅሁም ልል እችላለሁ። አውቄ ቢሆንስ አላጨበጭብም ነበር ወይ?

ከዚያ ኩዌትም ላይ ሚሳይል ወደቀ ተባለ። ሰዎች የጋዝ ጭንብል እየያዙ ነው፣ ባለሀብቱ ወደ ሳዑዲ እየሸሸ ነው ተባለ። እማ ሬዲዮው ላይ ነጠላዋን ጣለችበት።

ከጦይባ ወሬ ጠፋ። ስልክ የሚደወልበት ከተማችን ውስጥ አንድ ቢሮ ነበረ፤ የአሠሪዎቿ ቤት ስልክ ግን ለእሷ የተቆለፈ ነበር፣ ይሄን ቀድሞም ነግራናለች። እማ ዱዓ ታስደርጋለች። ሼኩ ዘንድ ትሄዳለች፤ ከዚያ ከጋሽ ታደሰ ሚስት ጋር ተያይዘው የማርያም ደጅ ይሳለማሉ። ጋሽ ታደሰ ሲመጣ ከእንግዲህ አይቀልድም ነበር፤ አብዬን ብቻ አየት አድርጎ ይቀመጣል። እሳቸውም ተረታቸውን አላቆሙም። ሰውየው አየት ባደረጋቸው ቁጥር ተረቱ ይረዝማል፣ በረዶው ይወፍራል።

*

ጦይባ የመጣችው በጳጉሜ ነው። አውቶቡሱ በር ላይ መጀመሪያ የወጣው ክራንች ነበር፤ ቀጥሎ እግር፤ ቀጥሎ እሷ። ቀኝ ዳሌዋ ተሰብሮ በደንብ አልገጠመም። እማ አቅፋት ቆመች፤ ሁለቱም አላለቀሱም። አብዬ ሜዳልያቸውን አድርገው ነበር የመጡት።

ያን ምሽት ሰዉ ሁሉ እንኳን ደህና መጣሽ ብሎ፣ በልቶ፣ ተሸኘ። ጋሽ ታደሰ ቀረ። ፍሙ ተሰበሰበ። አብዬ ብርድ ልብሱን አወጡ፣ ሁለት ጊዜ አራገፉ፣ ግማሹን ለጦይባ ሊደርቡላት ዘረጉ። ትከሻዋን ሸሸት አደረገችባቸው።

«ያኔ» አሉ አብዬ።

ማንም እህ አላለም። ሁላችንም ጦይባን ነበር የምንጠብቀው።

«ያኔ በረዶው እስከ ወገባችን ነው» አለች ጦይባ።

በእሳቸው ድምፅ ነበር የተናገረችው። ቁርጥ የእሳቸውን። ጫማውን፣ ካፖርቱን፣ ቢስሚላሁን። ሰማዩን ሦስት ጊዜ አመጣችው። ሳቃቸውን ከሆዷ አንስታ በሳል ጨረሰችው። መጀመሪያ ላይ እኛም ሳቅን፤ አብዬ በደስታ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ከዚያ ጎንበስ አለችና ቴፑ ላይ ያሉትን አለች። «አብሽሪ ልጄ። ሰው ቢሸሽ አንቺ ከቦታሽ እንዳትነቃነቂ።»

ቀና አለች። ኩራዙ ሲንጣጣ ይሰማ ነበር።

«በጀርባው የላክሁትን ሰማችሁት?»

«የትኛውን?» አለች እማ።

ጦይባ አብዬን ብቻ እያየች ተናገረች። ድምፅዋ ከፍ አላለም።

«ጦር ሊነሳ ነው ብዬ። ፓስፖርቴ እመቤቴ ሳጥን ውስጥ ነው፣ ልሂድ ብላት እንቢ አለች ብዬ። ጎረቤት የምትሠራውን ያገሬ ልጅ እናቷ ሞተች ብለው ቤተሰቦቿ ካሴት ሲልኩላት አሠሪዎቿ በሦስተኛው ቀን ሸኟት ብዬ። እማ ሞታለች በሉልኝ፤ ባትሉም ግድ የለም፣ ዝም ብላችሁ አልቅሱ፤ አሠሪዎቼ አማርኛ አይሰሙም፣ ለቅሶ ግን ይሰማሉ ብዬ። ሉባባ ሰምታ ለእመቤቴ እህት እንዳታወራ በጀርባው አደረግሁት። የአብዬን ተረት አብዬ ሳይሰሙት አይቀሩም ብዬ።»

አብዬ የዘረጉትን ብርድ ልብስ ወደ ራሳቸው ሰበሰቡ።

«ካሴቱ ሲመጣ ቀድሜ አልሰማሁትም። ከሰማሁት በኋላ እመቤቴ ፊት ማልቀስ ያቅተኛል ብዬ። ጠራኋት። ባሏም መጣ፣ ልጆቿም መጡ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስሁ። ገልብጬ ከፈትሁት።»

«ያረቢ» አለች እማ።

«ሳቃችሁን ሰማች። ፉከራውን ሰማች። ሳቀችና፣ ቤተሰብሽ ሠርግ አለው እንዴ አለችኝ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ነገረችን። ሚሳይሉ ሲጀምር አሠሪዎቿ ልጆቻቸውን ጭነው ወደ ሳዑዲ ሸሹ፤ እሷን ቤት እንድትጠብቅ ከውጭ ቆለፉባት። ሳይረኑ ይጮሃል፤ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፤ ጭንብል የሰጣት የለም። ያሉት ቴፑና ካሴቱ ናቸው። በስምንተኛው ቀን ከሁለተኛ ፎቅ አንሶላ ቀጣጥላ ወረደች። አንሶላው አጠረ።

«ስምንት ቀን ሙሉ ሰማሁዎት» አለች። «ይህን ያህል ሳቅ መሀል አንድ ቦታ መልስ ደብቀውልኝ ይሆናል ብዬ።»

«ባትሪው መስሎኝ ነው» አሉ አብዬ። ይህን ሲሉ ወደ እኔ አዩ።

እኔ ፍሙን አየሁ።

«አልሞትሁም» አለች ጦይባ። «ልክ ነበሩ፣ አብዬ። ከትልቆቹ ኋላ የቆመ አይሞትም።»

ያኔ እማ ጮኸች። ለሞተ ሰው እንደሚጮኸው፣ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ፣ የልጇን ስም እየጠራች። ጦይባ ክራንቿን ሰብስባ ለመነሳት ስትታገል ቆየችና፣

«አሁን አይደለም እማ» አለች። «ያኔ ነበር።»

ጋሽ ታደሰ ተነስቶ ወጣ። ከዚያ በፊት እየተሳደበ ይወጣ ነበር፤ ያን ቀን በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።

*

አብዬ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖሩ። ብርድ ልብሱን ማውጣት አላቆሙም። አንዳንድ ምሽት «ያኔ» ይሉ ነበር፣ ወደ ማንም ሳያዩ። ጦይባ ክራንቿን አንስታ ትወጣለች፤ እማ እሳት መቆስቆስ ትጀምራለች፤ እኔም ቀስ በቀስ እህ ማለት ተውሁ። «ያኔ» ይሉና ይጠብቃሉ። ከዚያ ብርድ ልብሱን ወደ አገጫቸው ይስቡታል። ጨካኞች ነበርን። አሁንም የሚጸጽተኝ መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም።

ሲሞቱ የቀበሌው ሰው ባንዲራ ይዞ መጣ። ሀገራቸው በላከቻቸው ሁሉ የሄዱ ጀግና ናቸው አለ። ጦይባ ከሴቶቹ ኋላ ክራንቿ ላይ ተደግፋ ነበር።

«መሄዱማ እኔም ሄጃለሁ» አለች፤ ከእኔ ሌላ የሰማት የለም።

ዛሬ ትልቅ ሀገር የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ የማውቅ ይመስለኛል። ጦርነቱን ሰው ቤት ውስጥ የሚያደርግ ሀገር ነው። ሲጨርስ በሩን ክፍቱን ትቶ ይሄዳል፤ ለቆሙለት ሰዎች ብርድ ልብስ ይተውላቸዋል። እነሱም ብርድ ልብሱን ለብሰው ለልጅ ልጆቻቸው ሰማይ እንዴት እንደሚጠራ ያወራሉ፤ ሀገሬን ወደድሁ ይላሉ። አብዬ ክፉ ሰው አልነበሩም ይሉኛል። ይሆናል። ተረታቸው ግን ክፉ ነበር፤ እኔም ቁልፉን የተጫንሁት በእጄ ነው።

ካሴቱ እኔ ጋ ነው። ጦይባ ከኩዌት ይዛ ከተመለሰችው ሻንጣ ውስጥ ነበር፤ ጣይው አለችኝ፤ አልጣልሁትም። አዲስ አበባ ስገባ ይዤው ገባሁ፤ የሚያጫውተው ቴፕ ከመርካቶ አሮጌ ዕቃ ተራ ፈልጌ ገዛሁለት፤ ባትሪ አይፈልግም፣ ግድግዳው ላይ ይሰካል። አንድ ምሽት መብራቱን አጥፍቼ ጀርባውን ከፈትሁት።

አብዬን የቀዳሁ ምሽት፣ መጀመሪያው መሆኑን ለማወቅ ለትንሽ ጊዜ ከፍቼው አልነበር? ያቺን ያህል ቦታ ሳልቀዳባት አልፌአለሁ። እዚያ ላይ አለች። ነፋስ አይደለም፤ ባትሪም አይደለም። አፏን ወደ ቴፑ ያስጠጋች፣ ከግድግዳው ማዶ እንዳይሰሟት ድምፅዋን የያዘች ልጅ ትንፋሽ ናት፤ ትስባለች፣ ትይዛለች፣ «እማ» ትላለች።

ከዚያ የአብዬ ሳቅ ይመጣል።

እንዳይመጣ ሁልጊዜ ቀድሜ አቆመዋለሁ።